የ77ቱ ድርቅና የፈረንጅ ፋብሪካ ጭስ፦ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

የደሴ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ «የ77ቱን ድርቅ ያመጣብን የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካ ጭስ ነው» ሲል ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ጀርመን ውስጥ የነደደ ድንጋይ ከሰል ወሎ ላይ ዝናብ እንዴት ያስቀራል? ከዛ ጎግል ሳደርግ ጭራሽ ሌላ ጉድ አገኘሁ። መርከቦች ንጹህ ነዳጅ እንዲጠቀሙ ሲገደዱ ባህሩ የበለጠ ሞቀ የሚል። ታዲያ ጭስ ምድርን ያቀዘቅዛል ማለት ነው? ካቀዘቀዘስ ለምን ቀንሱ ቀንሱ ይሉናል? በቀላል አማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። የዘመኑን ፖለቲካ ይዞ የሚመጣ ግን ይለፈኝ።

ሰነፍ አንባቢ

ፋንዲሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ደመና ተመልካች

የደሴ ልጅ፣ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። አጋኖታል እንጂ። የማጠናው የከባቢ አየር ሳይንስ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ረዘም ቢል ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ኤሮሶል የሚባለው አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቆይ ጥቃቅን ብናኝ ወይም ጠብታ ነው። አቧራ፣ ጥላሸት፣ የባህር ጨው፣ ከድኝ የሚፈጠረው ሰልፌት፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የጤና ሰዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት ከነዚሁ መሃል ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱትን ነው። አንድ ፀጉር ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይወፍራል፣ ከዛ ተነስታችሁ ገምቱት። በአፍንጫ አይያዝም፣ ሳምባ ድረስ ይወርዳል፣ ከፊሉ ደም ውስጥም ይገባል።

አሁን ወደ ማቀዝቀዙ። ድንጋይ ከሰልና ከባድ የመርከብ ነዳጅ ሲነድ በውስጡ ያለው ድኝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ አየር ላይ ቆይቶ ሰልፌት ይሆናል። ሰልፌት የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። በዛ ላይ ደመናንም ይቀይራል። የደመና ጠብታ ባዶ አየር ላይ አይፈጠርም፣ እንፋሎቱ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። ብናኙ በበዛ ቁጥር ያው ውሃ ለብዙ ጥቃቅን ጠብታ ይከፋፈልና ደመናው ነጣ ይላል፣ ብርሃንም የበለጠ ይመልሳል። ቱሜይ የተባለ ሳይንቲስት ይህን በ1970ዎቹ ስላሳየ ነገሩ በስሙ ይጠራል።

መርከቦቹ ላይ የሆነውም ይሄ ነው። ውቅያኖስ ላይ ሲሄዱ ከኋላቸው ደመናው ላይ ነጭ መስመር ይተዉ ነበር፣ በሳተላይት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጥር 2020 ጀምሮ በነዳጃቸው ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። መስመሮቹም በጣም ቀነሱ። ስለዚህ ያነበብከው ወሬ መሠረት አለው። ሳይንቲስቶቹ አሁንም የሚከራከሩት መጠኑ ላይ ነው፤ የ2023 እና የ2024 ሙቀት ሁሉ የመርከብ ጉዳይ ነው ብሎ የሚደመድም ካጋጠመህ ቸኩሏል።

ትልቁ ሥዕል ይሄ ነው። የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን) የ2021 ሪፖርት እንደሚለው የሙቀት አማቂ ጋዞች ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ምድር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ 1.5 ዲግሪ ገደማ ትሞቅ ነበር። የታየው ግን 1.1 ያህል ነው። ልዩነቱን በዋናነት የያዘው ኤሮሶል ነው። ደግሞ የማቀዝቀዙ መጠን ከ0 እስከ 0.8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል ብለው ነው ያስቀመጡት። ክፍተቱን አያችሁት? ከአየር ንብረት ጥናት ውስጥ ብዙ እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ቁጥር ነው።

የደሴ ልጅ

እሺ ወንድሜ፣ ይሄ ገባኝ። ወሎስ?

ደመና ተመልካች

መጣሁልህ።

የኛ ክረምት የሚመጣው የዝናብ ቀበቶው ፀሐይዋን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። ሰኔ ላይ ይዘልቃል፣ መስከረም ላይ ይመለሳል። ይሄ ቀበቶ አንድ ባህርይ አለው፣ ወደ ሞቀው ንፍቀ ክበብ ያደላል። ሰሜኑ ከደቡቡ ይልቅ ቀዝቀዝ ካለ ቀበቶው ወደ ላይ መውጣቱን ይሰንፋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያለ ገደብ ከሰል ያነዱ ነበር። ሰልፌት በአየር ላይ የሚቆየው ቀናት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ዓለምን ሁሉ እኩል አያዳርስም። የተለቀቀበት ንፍቀ ክበብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሰሜኑ፣ በተለይ ሰሜን አትላንቲክ፣ ከደቡቡ አንጻር ቀዘቀዘ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 80ዎቹ ድረስ ከሴኔጋል እስከ ሱዳን ያለው የሳህል ምድር ደረቀ። የኛ ሰሜን ደጋ የዛው ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነው ያለው።

ያኔ ለድርቁ የሚሰጠው ዝነኛ ማብራሪያ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? አርብቶ አደሩ ከብት አብዝቶ ሣሩን ጨረሰ፣ መሬቱ ተራቆተ፣ ዝናቡም ራቀ የሚል። ጥፋቱ የዛው የተራበው ሰው ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። በኋላ የባህር ወለል ሙቀት ዋናው ነጂ እንደሆነ ተደረሰበት። በ2002 ደግሞ ሮትስታይንና ሎማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰሜኑን ሰልፌትና በደመና ላይ የሚያደርገውን ለውጥ የኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ ሲያስገቡ ቀበቶው ወደ ደቡብ ሸሸ፣ ሳህልም ደረቀ። ከዛ ወዲህ ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። አይፒሲሲም የሰው ሠራሽ ኤሮሶል በዛ ድርቅ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ጽፏል።

አሜሪካ በ1970 የንጹህ አየር ሕጓን አወጣች፣ በ1990 አጠበቀችው። አውሮፓውያንም በ1985 ሰልፈራቸውን በ30 በመቶ ለመቀነስ ተፈራረሙ። የገረመኝ ነገር ሕጉን ያወጡት ለሳህል ብለው አይደለም። የራሳቸው ሰው በጭስ እየታመመ፣ ደንና ሐይቃቸውም በአሲድ ዝናብ እየሞተባቸው ነው። ከ80ዎቹ በኋላ ግን የሳህል ዝናብ በከፊል አንሰራራ።

አሁን ማሳሰቢያ። በ77ቱ ድርቅ (በፈረንጅ 1983 እና 84) ወሎ ላይ ከጎደለው ዝናብ ይህን ያህሉ የጭስ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ከዛ ቀደም ብሎ በ1982 እና 83 ኃይለኛ ኤልኒኖ ነበር፣ ኤልኒኖ (የምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከወትሮው ሲሞቅ) ደግሞ ክረምታችንን ያዳክማል። አትላንቲክም በራሱ ጊዜ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ባህር ነው። የጭሱ ሚና የአሥርተ ዓመታቱን አዝማሚያ ወደ ድርቅ መግፋት ነው። አንድን ዓመት ለብቻው ነጥሎ መክሰስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የዩቲዩቡ ሰውዬ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጠርጣራው

ይቅርታ ግን ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም። ሳይንሱን አልክድም። ግን ነገ ደግሞ «አየህ፣ እነሱ ናቸው ያጠፉን» ብለን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው። ዝናብ ስለቀረ ብቻ ያን ያህል ሰው አይሞትም። ጦርነት ነበር። መንገድ ተዘግቶ ነበር። መንግሥት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማውን ሲያሸበርቅ ሰሜኑ እያለቀ ነበር። ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው ሞተ እየተባለ የሚገመተውን የጀርመን ከሰል ላይ ማላከክ ለኔ ቀልድ ነው። ኬላ ዘግቶ እህል የከለከለ ኤሮሶል የለም።

ደመና ተመልካች

በዚህማ አንከራከርም። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። እኔ ያወራሁት ስለ ዝናቡ ብቻ ነው። ዝናቡ ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ግን ማላከክ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ለመገመት ያስፈልገናል።

የስደት ሽማግሌ

ልጆቼ፣ እኔ በዛ ዘመን እዛው ሰሜን ነበርኩ። አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት። በልጉም ጠፋ፣ ክረምቱም ጠፋ፣ ያ ነው ሰውን የጨረሰው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያነሳሃል። ጠርጣራው ያልከውም እውነት ነው፣ እህል በነበረበት አገር ነው ሰው የሞተው። ግን እስከዛሬ ድረስ «ለምን ቀረ» ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። አንዳንዱ በኃጢአታችን ነው ይል ነበር። ጽፋችሁ አትጠፉ፣ እያነበብኩ ነው።

ደመና ተመልካች

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ያነሱት ትልቅ ነጥብ ነው። በልግና ክረምት የተለያዩ ነጂዎች ናቸው ያሏቸው። በልጉን ይበልጥ የሚያዙት የህንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ናቸው። እኔ ከላይ የጻፍኩት የቀበቶ ታሪክ ክረምትን እንጂ በልግን አያስረዳም። ሁለቱ በአንድ ዓመት መቅረታቸውን በጭስ ብቻ ልግለጸው ብል ዋሾ እሆናለሁ።

አባይ ዳር

የታሪክ ሰው ስለሆንኩ የቆየ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ፋብሪካ ሳይኖርም ይሄው ነገር ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል ስንጥቅ መሬት ፈነዳና ስምንት ወር ያህል ሲተፋ ቆየ። የለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። አይስላንድ ውስጥ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉም ተከተለው። አውሮፓ በጭጋግ ታፈነች። በዛው ዓመትና በተከታዩ ግብጽ ውስጥ የአባይ ሙላት ወረደ። ረሃብ ገባ። ቮልኔ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ ያኔ እዛው ነበር፣ ግብጽ ከሕዝቧ አንድ ስድስተኛውን አጣች ብሎ ጽፏል።

የአባይ ሙላት ደግሞ ምንድነው? የኛ ክረምት ነው እንጂ ሌላ ምንድነው። በ2006 የወጣ ጥናት የላኪን ጭስ ሞዴል ውስጥ ሲያስገባ የአፍሪካና የህንድ የክረምት ዝናብ ሲዳከም አሳይቷል። ያው የደመና ተመልካች ታሪክ ነው፣ ሰሜን ቀዘቀዘ፣ ቀበቶው ሰነፈ። ግብጾች አባይን ይለኩ ስለነበር ተጽፎ ቀረ። እኛ ደጋ ላይ በዛው ክረምት ስንት ጎተራ ባዶ እንደቀረ ማን ቆጠረው?

ሰነፍ አንባቢ

አባይን ያስቀረው አይስላንድ ነው እያልከኝ ነው? ይሄን ለካይሮ እንዳትነግር 😂

ዴልሂ ያለሁ

እሳተ ገሞራ ካነሳችሁ አይቀር እኛም አገር አለ። ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ እኔ እዚህ ዴልሂ ነበርኩ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባህርን ተሻገረ፣ የመንና ኦማንን አልፎ በፓኪስታን በኩል እኛ ጋ ደረሰ። በረራ ተሰረዘ። የሰፈሩ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስለሚያውቅ «የአገርህ አመድ መጣብን» እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ።

ቀልዱ ግን እዚህ ጋ ነው። በህዳር ወር የዴልሂ አየር የማንንም አመድ አይፈልግም፣ የራሱ ይበቃዋል። ፑንጃብና ሃሪያና ውስጥ ገበሬው የሩዝ ገለባ ያቃጥላል፣ የመኪናው ጭስ አለ፣ የዲዋሊ በዓል ርችት አለ፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ሁሉንም መሬት ላይ ይጭነዋል። የህንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም አመዱ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ የምንተነፍሰውን አየር ብዙም እንደማይነካው ተናገረ። ሰዉ ግን ሰማይ ላይ ያለውን የአፋር አመድ ፈራ እንጂ በየቀኑ ሳምባው የሚገባውን ረስቶታል።

ጥያቄ አለኝ ለደመና ተመልካች። ያ ፍንዳታ የአየር ንብረት ላይ የሚያመጣው ነገር አለ?

ደመና ተመልካች

የለም ማለት ይቻላል። የአየር ንብረትን የሚነካው አመዱ አይደለም፣ አመድ ቶሎ ይወድቃል። የሚነካው ሰልፈሩ ነው፣ እሱም መጠኑ በጣም ትልቅ ሆኖ ዝናብ ከማይደርስበት ከፍታ፣ ስትራቶስፌር ከሚባለው፣ በብዛት ሲገባ ነው። እዛ አጥቦ የሚያወርደው ነገር ስለሌለ አንድ ሁለት ዓመት ይቆያል። ምሳሌው ፒናቱቦ ነው፣ ፊሊፒንስ፣ ሰኔ 1991። ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቆ በተከታዩ ዓመት ምድርን በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ። በ1992 በዓለም ላይ በየብስ የጣለው ዝናብም ቀነሰ። ሃይሊ ጉቢ ከሱ ጋር አይወዳደርም።

ከኛ ሰፈር ለሳይንቲስቶች ትልቁ ወሬ ናብሮ ነበር። ኤርትራ ውስጥ፣ ከኛ ድንበር አጠገብ፣ ሰኔ 2011። ያኔ ሂላሪ ክሊንተን አዲስ አበባ ነበረች፣ አመዱ ሲመጣ ጉዞዋን አሳጥራ ሄደች። ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለለቀቀ ከፒናቱቦ በኋላ ወደ ስትራቶስፌር ብዙ ሰልፈር ካስገቡት አንዱ ሆነ። እንዴት እዛ እንደደረሰ ግን ተጣሉበት። አንዱ ወገን የእስያ የክረምት ዝናብ ንፋስ ነው ወደ ላይ ያወጣው አለ፣ ሌላው የለም ፍንዳታው ራሱ በቀጥታ አስገብቶታል አለ። ማስረጃ እየተወራወሩ በሳይንስ መጽሔት ላይ ሲከራከሩ ማንበብ ከእግር ኳስ ክርክር አይተናነስም።

ምጣድ

እኔ የተማርኩት የሂሳብ መዝገብ ነው፣ ስለ ደመና አላውቅም። ግን እስካሁን ያወራችሁት ስለ ሰማይ ብቻ ነው። ማድቤት ውስጥ ያለውስ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ጋግራ ዓይኗም ሳምባዋም ተጎድቷል። ጭስ ያቀዘቅዛል ስትሉ ደሜ ነው የፈላው። እና የእናቴ ጭስ ለምድር ጠቅሟል ልትሉኝ ነው?

ደመና ተመልካች

አይ እህቴ፣ በጭራሽ። ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። የማገዶ ጭስ ውስጥ ብዙ ጥላሸት አለ። ጥላሸት ጥቁር ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት ይውጣል፣ አየሩን ያሞቃል። አብረውት የሚወጡት ሌሎቹ ብናኞች ደግሞ ያቀዘቅዛሉ፣ ስለዚህ ድምሩ ያከራክራል። ሳምባ ላይ ግን ምንም ክርክር የለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ጊዜው ሞቷል። ከውጭው አየር ጋር ሲደመር በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ይጠጋል። ከመኪናና ከፋብሪካ በላይ የማድቤት ጭስ የሚያስፈራው እንደኛ ያለ አገር ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው።

ምጣድ

እሺ አሁን ተግባባን። ለማወቅ ያህል፣ ለእናቴ ምርጥ ምድጃ የሚሉትን የሲሚንቶውን አሠርተንላት ነበር። እንጨቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ፣ እሳቱም ፊቷን አይገርፋትም። ጭሱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ መብራት ሲጠፋ ወደ እንጨቱ ትመለሳለች። ስለዚህ ለኔ የማድቤት አየር ጉዳይ የመብራት ጉዳይ ነው። ምድጃ ላይ ብቻ ስብሰባ የሚያደርጉ ሰዎች ይሄን ቢሰሙ ጥሩ ነው።

የሜክሲኮ ተራ

እኔ አዲስ አበባ ሚኒባስ ነው የምሠራው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእንጦጦ በኩል ወደ ታች ብታዩ ከተማው ላይ ግራጫ ነገር ተኝቷል። ረፋድ ላይ ይገፈፋል። ይሄ ጉም ነው ወይስ ጭስ? ደግሞስ የምንተነፍሰውን የሚለካ አለ ወይ በዚህ አገር? ከፊቴ ያለው ቅጥቅጥ ጥቁሩን ሲለቅብኝ መስኮት መዝጋት ብቻ ነው የማውቀው።

ደመና ተመልካች

ሁለቱም ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው አየር ከላይ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዝና እንደተዘጋ ይቀራል። በዛ ላይ የማለዳው ከሰልና እንጨት፣ ከዛ የመኪናው ሰልፍ ይጨመርበታል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ያ ግራጫው ይበተናል። ከተማዋ ተራራ ሥር መሆኗም አያግዝም። አዲስ አበባ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የብናኙን ዋና ምንጮች ሲጠቅሱ የመኪና ጭስ፣ ማገዶና የአፈር አቧራ ይላሉ። አንድ ላይ ናቸው፣ አንዱን ብቻ ይዘህ ብትሮጥ አትደርስም።

ስለ መለካቱ። ለዓመታት ሰው ሁሉ የሚያየው የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ነበር። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን የአየር መረጃ በዓለም ዙሪያ ማሰራጨት አቆመ። የራሳችን ቋሚ መለኪያ ብዙ ቢሆን ኖሮ የሌላ አገር ውሳኔ እንዲህ አያስደነግጠንም ነበር።

መለኪያ በሌለበት ዘመን የነበረውን ለማወቅ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያደረጉት ግን በጣም ደስ ይላል። አውሮፕላን ማረፊያዎች ስንት ኪሎ ሜትር አርቆ እንደሚታይ በየጊዜው ይመዘግባሉ፣ ለአብራሪው ብለው። ተመራማሪዎቹ ያንን የእይታ መዝገብ ወስደው ወደ ብናኝ መጠን ለወጡት። ከ1970ዎቹ ወዲህ ብናኙ በአዲስ አበባ 62 በመቶ፣ በካምፓላ 162፣ በናይሮቢ 182 በመቶ ጨምሯል ብለው በ2020 አወጡ። ከጎረቤት እንሻላለን ብላችሁ ግን አትኩራሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያስቀመጠው የዓመት ጣሪያ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፣ እኛ ከዛ ብዙ እጥፍ በላይ ነን።

የሜክሲኮ ተራ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከከለከሉ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ ይታያል። ግን ጥቁር የሚለቀው ያ አይደለም። ጥቁር የሚለቀው አሮጌው ናፍጣ ነው፣ ያ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ ምክንያቱም የባለቤቱ እንጀራ ነው። እኔም ብሆን ያለኝን መኪና ሸጬ ኤሌክትሪክ የምገዛበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቻርጅ የማደርግበትስ?

ጠርጣራው

ተመልሻለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልኝ። ቻይና ጭሷን እያጸዳች ነው፣ መርከቡም ጸዳ፣ ሁሉም ሲያጸዳ ምድር ልትሞቅ ነው። ታዲያ ለምን ሰልፈሩን ሆን ብለው ሰማይ ላይ አይረጩትም? ፒናቱቦ ግማሽ ዲግሪ ካቀዘቀዘ በአውሮፕላን መሥራት ነው። ርካሽ ነው ይባላል።

ደመና ተመልካች

ሐሳቡ አለ፣ የሚሟገቱለትም አሉ። ቻይና ያልከውም ልክ ነው። ከ2013 ገደማ ወዲህ ሰልፈሯን በ75 በመቶ ያህል ቀንሳለች። በ2025 የወጣ ጥናት የቅርቡን የሙቀት መፍጠን በከፊል ከዚሁ ጋር አያይዞታል። እዛ ግን አየሩን የሚተነፍሰው ሰው ተርፏል፣ ይሄ መረሳት የለበትም።

ስለ መርጨቱ፣ ከኛ አገር ቆሞ ለሚያይ ሰው ጥያቄው «ስንት ዲግሪ ይቀዘቅዛል» አይደለም። «የት ነው የሚረጨው» ነው። በ2013 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸው ነበር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብቻ ከተረጨ ሳህል ይደርቃል፣ በደቡቡ ብቻ ከተረጨ ሳህል ይረጥባል። ከዛ ታሪኩን ሲያዩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳህል ላይ ከታዩት አራት እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ በሰሜን በኩል ትልቅ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የመጡ ናቸው። አንዱ በ1912 አላስካ የፈነዳው ካትማይ ነው። ሌላው በ1982 ሜክሲኮ የፈነዳው ኤልቺቾን ነው። ዓመቱን ልብ በሉ።

ደግሞ አንዴ ከጀመርክ ማቆም ከባድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል፣ የረጨኸው ሰልፌት ግን በዓመት በሁለት ዓመት ይወርዳል። ጦርነት ተነስቶ ወይ በጀት ጠፍቶ ርጭቱ ቢቆም ተደብቆ የቆየው ሙቀት ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይመጣብሃል።

የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች በነሐሴ 2023 አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህ ነገር ጥቅም ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ ስምምነት ይኑር ብለዋል። በ2024 ናይሮቢ ላይ ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ቀረበ፣ አልተስማሙም፣ ረቂቁ ተነሳ። ስለዚህ አሁን ርጭቱን ነጥሎ የሚገዛ አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም።

ጠርጣራው

ኤልቺቾን 1982፣ ድርቁ 1983 እና 84። እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ኬላው ላይ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የስደት ሽማግሌ

አንድ ነገር ልጠይቅ። እንግዲህ አዋቂዎቹ ይሄን ሁሉ በሞዴል ካወቁ፣ ለኛ ገበሬ በግንቦት ላይ ክረምቱ እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚነግረው አለ ወይ?

ደመና ተመልካች

ጋሼ፣ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሰዎች ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣሉ። በዋናነት የሚመለከቱት የባህር ሙቀትን፣ በተለይ ኤልኒኖን ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የጎዳን ኤልኒኖ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ኤሮሶል እንዲህ ላለው የወራት ትንበያ ብዙም አይጨምርም፣ የአሥርና የሃያ ዓመት ጉዳይ ነው። ትልቅ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ግን ወዲያው ነው የሚያዩት። ችግሩ ትንበያው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቀበሌ እስኪደርስ ነው፣ ያንን ደግሞ ሳይንስ አይፈታውም።

ዴልሂ ያለሁ

አንድ ተጨማሪ ወሬ። ናሳ ከተሞች ላይ ያለውን የብናኝ ዓይነት ለይቶ ከጤና ጋር የሚያገናኝ፣ ሳተላይት ላይ የሚጫን ማያ የሚባል መሣሪያ ሠርቷል። ከዋና ዋናዎቹ የጥናት ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። ጥላሸቱን ከአቧራው፣ አቧራውን ከሰልፌቱ መለየት ነው ሥራው። ዴልሂም አለችበት።

የሜክሲኮ ተራ

ሳተላይቱ ቅጥቅጡን ከላይ ካየው ታርጋውንም ይመዝግብልን።

የደሴ ልጅ

😂😂 አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ደመና ተመልካች፣ የዛን የሁለቱን ሰዎች የ2002 ጥናት በውስጥ መስመር ላክልኝ። የዩቲዩቡ ሰውዬ ቪዲዮ ሥር አስተያየት ልጽፍለት ነው፣ የኤልኒኖውንም የኬላውንም ጨምሬ።